እገዳና አጸፋው፦ በኮምፒዩተር የጭውውት መድረኮች ላይ የታዘዘ ምላሽ ታሪክ

ማኅበር ባለበት ሁሉ አባልን የማስወጣት ሥርዓት አለ። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በቢሾፍቱም ሆነ በሻሸመኔ የዕድር አባል የሆነ ሰው ይህን እንዲያስረዱት አያሻውም። ወርኀዊ መዋጮውን ያልከፈለ ወይም ከቀብር የቀረ አባል በመጀመሪያ ገንዘብ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ባይከፍል ይመከራል፤ ምክሩንም ባይሰማ ጉዳዩ ለጠቅላላው ጉባኤ ቀርቦ ስሙ ከመዝገብ ይሠረዛል። ከመጀመሪያው ቅጣት እስከ ስረዛው ያለው መንገድ ረጅም ነው። በመንገዱ ላይ ጎረቤት ይገባል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ጸሐፊውም መዝገቡን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጣል። መዘግየቱ አንዳንድ ጊዜ የሚያስመርር ቢሆንም፣ ተሠራዡ ሰው ለምን እንደ ተሠረዘ ሳያውቅ ቀረ ሲባል ግን አይሰማም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የኑሯችን ከፊሉ ወደ ሌላ ዓይነት ማኅበር ተዛውሯል። ይኸውም በስልክና በኮምፒዩተር የሚካሄደው የጭውውት ቡድን ነው። በአዳማ የምንኖር የሙያው ሰዎች የሥራ ማስታወቂያ የምናየው፣ የጨረታ ዜና የምንሰማው፣ መለዋወጫ ዕቃ የት እንደሚገኝ የምንጠያየቀው በአብዛኛው በዚሁ ቡድን ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋ ጊዜም ብዙ የአገራችን መምህራን የትምህርት ጽሑፎቻቸውን ለተማሪዎቻቸው ያደረሱት በቴሌግራም ቡድኖች አማካይነት ነበር። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ቡድን መታገድ ከአንድ የወሬ ስብስብ እንደ መቅረት ብቻ የሚቆጠር አይደለም። እገዳውንና ለእገዳው የሚሰጠውን ምላሽ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚፈጽመው ሰው ሳይሆን፣ ሰው አስቀድሞ ጽፎ ያስቀመጠው ትእዛዝ፣ ማለትም ስክሪፕት ነው። ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ፣ ምን ችግር እንደ ገጠመውና ችግሩ እንዴት እንደ ተፈታ ለሙያ ባልደረቦቼ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

በመሠረቱ በር ጠባቂውን በመሣሪያ የመተካት ሐሳብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በአሜሪካ በካንሳስ ከተማ የቀብር አስፈጻሚ የነበረው አልሞን ስትሮውጀር እ.ኤ.አ. በ1891 ለአውቶማቲክ የስልክ ማዞሪያ የፈጠራ መብት ያወጣው፣ የስልክ ኦፕሬተሯ ደንበኞቹን ወደ ተወዳዳሪው ታዞርብኛለች ብሎ በመጠርጠሩ ነው ይባላል። ጥርጣሬው እውነት ይሁን ሐሰት ውጤቱ አንድ ነው፤ ሰውን ያላመነ ሰው ፍርዱን ለብረት አስረከበ። የጭውውት መድረኮች ታሪክም በብዙ መልኩ የዚሁ ጉዳይ ተከታይ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሁለቱም ወገኖች፣ ከልካዩም ተከልካዩም፣ መሣሪያ ማቆማቸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰሜን ፊንላንድ በምትገኘው በኦሉ ከተማ ነው። በኦሉ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ያርኮ ኦይካሪነን እ.ኤ.አ. በ1988 በነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በጽሑፍ የሚነጋገሩበትን ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ አይ አር ሲ ተባለ። አንዱ ሰርቨር ከሌላው እየተያያዘ መረቡ ከፊንላንድ ወደ ስዊድን፣ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላው ዓለም ተስፋፋ። ተነጋጋሪዎቹ ቻናል በሚባሉ የጭውውት ክፍሎች ይሰባሰባሉ፤ ባዶ ቻናል ውስጥ ቀድሞ የገባው ሰው የቻናሉ አስተናባሪ ይሆናል፤ ለሌላም ሰው ይህን ሥልጣን ሊሰጥ ይችላል። አስተናባሪው ሰውን ሊያስወጣ ወይም ሊያግድ ይችላል። ማስወጣትና ማገድ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። የተባረረ ሰው ወዲያው ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ የታገደ ግን በሩ ላይ ይመለሳል።

የመረቡ ደንብ እ.ኤ.አ. በሜይ 1993 በኦይካሪነንና በዳረን ሪድ ተጽፎ 1459 የሚል ቁጥር ያለው ሰነድ ሆኖ ወጣ። ይህ ሰነድ ለማንበብ የሚያሰለች ቢመስልም ለእኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት አለው። በደንቡ መሠረት እገዳ በሰው ላይ አይጣልም፤ የሚጣለው በጭንብል ላይ ነው። ጭንብሉ ሦስት ክፍል አለው፤ ቅጽል ስም፣ የተጠቃሚ ስምና ሰውየው የመጣበት የኮምፒዩተር አድራሻ። ከሦስቱ ማናቸውንም በኮከብ ምልክት መተካት ይቻላል፤ ኮከቡም «ማንኛውም» ማለት ነው። ቅጽል ስሙን ብቻ ያገደ አስተናባሪ ሰውየው ስሙን ቀይሮ ሲመለስ ያየዋል። አድራሻውን ያገደ ደግሞ በዚያ አድራሻ የሚጠቀመውን ሁሉ አብሮ ያግዳል። ጠባብ እገዳ ያመልጣል፣ ሰፊ እገዳ ንጹሑን ይመታል፤ ከዚህ ወዲህ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህች ምርጫ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

በዚሁ ሰነድ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለች፤ ከዋናው ጉዳይ ጥቂት ብታስወጣንም መጥቀሷ አይከፋም። መረቡ ከስካንዲኔቪያ ስለ ተነሣ፣ ጥምዝና ማዕዘናዊ ቅንፎች እንደ አንድ ፊደል ትንሽና ትልቅ ቅርጽ ተደርገው እንዲቆጠሩ ተደንግጓል፤ በዚያ አገር የኮምፒዩተር ሰሌዳ ላይ እነዚያ ምልክቶች የአገሩ ልዩ ፊደላት ቦታ ስለ ነበሩ ነው። የፊንላንድ ልጆች ቋንቋቸውን በዓለም ደንብ ውስጥ አስገቡ፤ እገዳ ሲጣል ስምን ከስም ማነጻጸሪያው በእነርሱ አፍ ልክ ተሰፋ። እኛ «ሀ»ን ከ«ሐ» እና ከ«ኀ»፣ «ሰ»ን ከ«ሠ» ጋር እኩል አድርጎ የሚያይ ማነጻጸሪያ እንፈልጋለን ብንል አዲስ ነገር መጠየቃችን አይደለም።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። ቦት የሚባሉት በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች በመረቡ ላይ የታዩት ገና ከጅምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ግሬግ ሊንዳል የጻፈው ቦት ጨዋታ የሚያጫውት ነበር። በ1993 መጨረሻ ላይ ሮቢ ፖይንተር የጻፈው ኤግድሮፕ የሚባለው ቦት ግን ሥራው ጥበቃ ነበር፤ ቻናሉን ይጠብቃል፣ የታወቁ አባላትን ዝርዝር ይይዛል፣ በዝርዝሩ ያሉትን ይሾማል፣ የታገዱትን ያባርራል። በ1995 በፌብሩዋሪ ወር ካሊድ ማርዳም ቤይ ኤምአይአርሲ የተባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ሲያወጣ ደግሞ ነገሩ ከባለሙያ እጅ ወጥቶ ወደ ሕዝብ ገባ። ፕሮግራሙ የራሱ የትእዛዝ ቋንቋ ነበረው፤ «ይህ ሲሆን ይህን አድርግ» የሚል። ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲባረር፣ እገዳ ሲጣል፣ ለእያንዳንዱ ድርጊት ተጠቃሚው ምላሽ ጽፎ ሊያስቀምጥ ይችላል። ፕሮግራሚንግ በትምህርት ቤት ያልተማሩ ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን የጻፉት በዚህ ቋንቋ ነው።

የጻፏቸው ምላሾች ምን ዓይነት ነበሩ? ቀላሉ ቢባረሩ ወዲያው ተመልሶ መግባት ነው፤ ይህ እንዲያውም በፕሮግራሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ የመጣ ምርጫ ነበር። ከዚያ ከፍ የሚለው፣ በራስ ወይም በወዳጅ ላይ እገዳ ሲጣል ከጭንብሉ ጋር አነጻጽሮ እገዳውን ማንሣት ነው። ሦስተኛው አጸፋ ነው፤ እገዳውን ያነሣል፣ የጣለውን ሰው ሥልጣን ይገፍፋል፣ ያባርረዋል፣ ያግደዋል። አራቱ ተግባራት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃሉ። ባለቤቱ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሁለት አስተናባሪዎች ሁለቱም ይህን ሦስተኛውን ስክሪፕት ይዘው በአንድ ቻናል ውስጥ ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ ሦስተኛ ሰውን ለማገድ ፈልጎ ጭንብሉን ጥቂት አሰፋው፤ ጭንብሉ በአጋጣሚ የሌላውን አስተናባሪ አድራሻም ነካ። የሁለተኛው ስክሪፕት ይህን ጥቃት ነው ብሎ ይመልሳል፤ የአንደኛው ስክሪፕት ምላሹን ጥቃት ነው ብሎ ይመልሳል። ሰዎቹ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ቻናሉ ባዶ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ግጭት የሚያሸንፈው ትክክለኛው ወገን አይደለም፤ ለሰርቨሩ የቀረበውና መስመሩ ፈጣን የሆነው ነው። ይህ ለእኛ አገር መስመር ምን ማለት እንደ ነበረ መናገር አያስፈልግም።

የባሰው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ሰርቨሮቹ ከአንድ ደንበኛ የሚመጣን የመልእክት ብዛት ይገድባሉ። በደንቡ መሠረት በአማካይ በየ2 ሰከንዱ አንድ መልእክት ያለ ችግር ያልፋል፤ ከዚያ በላይ የሚያጎርፍ ደንበኛ መስመሩ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ተንኮለኞች ይህን ቶሎ ተረዱት። ቦቱን ራሱን ማጥቃት አያስፈልግም፤ ብዙ ምላሽ እንዲሰጥ መነካካት ብቻ ይበቃል። ቦቱ በምላሽ ላይ ምላሽ እየደረደረ ራሱን ከሰርቨሩ ያስቆርጣል፤ ጠባቂው ሲወጣ በሩ ክፍት ነው። በአንድ ትእዛዝ ሊለወጡ የሚችሉት የሰው ሥልጣኖችና እገዳዎች ከ3 አይበልጡም የሚለው የደንቡ ወሰንም ጥቃቱን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም ነበር።

የደንቡ ጸሐፊዎች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። በሰነዱ ውስጥ መልእክት በሁለት ዓይነት ይላካል፤ አንዱ ተራ መልእክት፣ ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ ለማስታወቂያ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ፈጽሞ መልስ መስጠት የለበትም። ዓላማው አንዱ መሣሪያ ለሌላው፣ ሌላው ለዚያኛው እየመለሰ ማብቂያ የሌለው ዙሪት እንዳይፈጠር ነው። እንደ እኔ አስተያየት በዚያ ሰነድ ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ጉድለቱ አንቀጹ የሚገዛው ንግግርን እንጂ ድርጊትን አለመሆኑ ነው። እገዳ ድርጊት ነው፤ ለእገዳ በእገዳ መመለስን የሚከለክል ቃል በሰነዱ ውስጥ የለም።

ሌላው የውጊያ ምክንያት የመረቡ መሰንጠቅ ነበር። ሁለት ሰርቨሮችን የሚያገናኘው መስመር ሲቆረጥ አንዱ ቻናል ለሁለት ይከፈላል። በአንደኛው ወገን አስተናባሪ ሳይኖር ይቀራል፤ እዚያ ያለው ቻናል ባዶ ከሆነ ቀድሞ የገባ ሰው ሥልጣን ይይዛል። መስመሩ ሲቀጠል ሰውየው ሥልጣኑን እንደ ያዘ ይመጣና የጥንቶቹን ባለቤቶች ያግዳል። ለዚህ መድኃኒት ሁለት ወገኖች ሁለት መንገድ አበጁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1992 የተመሠረተው አንደርኔት የተባለው መረብ ለእያንዳንዱ ቻናል የተፈጠረበትን ሰዓት መመዝገብ ጀመረ፤ ሁለቱ ክፋዮች ሲገናኙ የቀደመው ሰዓት ያለው ሥልጣኑን ይይዛል፣ የዘገየው ይነጠቃል። በ1996 ከኢኤፍኔት ተገንጥሎ በአመዛኙ በአውሮፓ የቆመው አይአርሲኔት በበኩሉ የተሰነጠቀውን ቻናል ስም ለጊዜው መቆለፍን መረጠ። በዚህኛው መረብ ያደገና እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው አዲስ ደንብ የተጻፈ ሌላ ፈጠራም አለ፤ ከእገዳ ነጻ የሚያደርግ ዝርዝር። ሰፊ እገዳ ተጥሎ ሳለ በዝርዝሩ ያለው ንጹሕ ሰው እንዲገባ ይፈቀድለታል።

ከሁሉም በላይ ሰላም ያመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ዳልኔት ያስፋፋው አሠራር ነው። ስምና ቻናል በመዝገብ ገብተው፣ መዝገቡን የሚጠብቀው የመረቡ የራሱ አገልግሎት ሆነ። ቻናል በጉልበት ቢወሰድ እንኳ ባለ መዝገቡ በይለፍ ቃሉ መልሶ ይወስደዋል። ኤግድሮፕ በየመንደሩ የቆመ የግል ዘበኛ ቢሆን ይህኛው የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ የስክሪፕቶቹ ጦርነት እየቀዘቀዘ ሄደ።

ኢንተርኔት በሙሉ አገልግሎቱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ክፍል በ1980ዎቹ ዓ.ም. በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ እያጠራቀመ ይልክ ነበር። ያ አገልግሎት ደብዳቤ እንጂ ጭውውት የሚያስተናግድ አልነበረም። በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ የኢንተርኔት ካፌዎች በተከፈቱ ጊዜ በርካታ ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀጭን መስመር ይገናኙ ነበር። በዚያን ጊዜ በአዳማ የነበረው የቴክኒክ ኮሌጅ፣ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም፣ የከተማዋን ካፌዎች በተማሪ የሞላ ነበር።

እዚህ ላይ የጭንብሉ ጉዳይ ወደ ቤታችን ይገባል። በአንድ መስመር የሚገናኙ 10 ኮምፒዩተሮች ለውጭው ዓለም የሚታዩት በአንድ አድራሻ ነው። ከአሥሩ ወንበሮች በአንዱ የተቀመጠ ጎረምሳ ቢሳደብ እገዳው የሚወድቀው በዘጠኙ ላይም ነው፤ ነገ በዚያው ወንበር በሚቀመጠው ሰው ላይም ጭምር። ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻና በ2007 መግቢያ ላይ በኳታር የነበረው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ደንበኞቹን ሁሉ በአንድ አድራሻ ያወጣ ስለ ነበር፣ ውክፔዲያ አንድ አጥፊ አድራሻ ሲያግድ የአንድ አገር ሰዎች ሳይገቡ ስም የለሽ ሆነው እንዳይጽፉ ለጥቂት ሰዓታት ተከልክለዋል። የአድራሻ እጥረት ያለበት አገር ሰው እንደ ጋራ ይቆጠራል፤ እንደ ጋራም ይቀጣል።

የፊደላችንም ጉዳይ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፊደሉ በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ እስኪዳረስ ድረስ አማርኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፤ አጻጻፉም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። አንድ ስድብ በአምስትና በስድስት ዓይነት ይጻፋል፤ የስድብ ዝርዝር ይዞ የሚያግድ ስክሪፕት ሦስቱን ይይዝና ሦስቱን ያሳልፋል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ግን በዚያው ዘመን ድምፅ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በኒው ዮርክ የተጀመረው ፓልቶክ በጽሑፍም በድምፅም የሚያነጋግር መድረክ ነው፤ በተለይ ከ1997ቱ ምርጫ ወዲህ የኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ክፍሎች፣ የኢትዮጵያ ወቅታዊ ጉዳዮች መወያያ መድረክ የተባለውን ጨምሮ፣ ብዙ አድማጭ ነበራቸው። በዚያ መድረክ ተናጋሪ እጁን አንሥቶ ተራ ይጠብቃል። አስተናባሪው ካልወደደው በስሙ ጎን ቀይ ነጥብ ያደርግበታል፤ ቀይ ነጥብ ያለበት ሰው ያዳምጣል እንጂ አይናገርም፣ አይጽፍም። ከዚያ የከፋው ከክፍሉ መጣል ነው። ቀይ ነጥቡ ለሁሉም ይታያልና ቅጣቱ በአደባባይ ነው። ከማባረርና ከዝምታ መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩ ጥሩ ነበር፤ የታገደው ሰው የሚሰማውን እየሰማ ይቆያል፣ ለምን እንደ ታገደም ከሌሎቹ አፍ ይረዳል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2013 ተመሥርቶ በጁን 2015 የቦት አገልግሎቱን ለሁሉም ፕሮግራመር ከፈተ። የአይ አር ሲን ችግሮች ያጠኑ ሰዎች እንደ ሠሩት ያስታውቃል። እገዳው በጭንብል ላይ መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ መዝገብ በተሰጠው ቋሚ ቁጥር ላይ ሆነ፤ ስሙን ቢለውጥ፣ አድራሻውን ቢለውጥ ቁጥሩ አይለወጥም፤ በአንድ ካፌ የተቀመጡ አሥር ሰዎችም አሥር ቁጥሮች ናቸው። ቦት የቦትን መልእክት እንዳይሰማ ተደርጎ ተጀመረ፤ ይህ የዚያ የማስታወቂያ አንቀጽ ልጅ ነው፣ ከአባቱም የጠነከረ። በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ቦት በደቂቃ ከ20 መልእክት በላይ እንዳይልክም ተገደበ። በ2021 ማርች ላይ በወጣው እትም ደግሞ የአባል ሁኔታ ሲለወጥ፣ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲታገድ፣ ለቦቱ እንዲነገረው ሆነ፤ ቦቱ አስተዳዳሪ ከሆነና ይነገረኝ ብሎ ከጠየቀ ማለት ነው። ለእገዳ በራሱ የሚሠራ ምላሽ በወጉ መጻፍ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነገር ግን አንድ ክፍተት አለ። ቦት ቀድሞ ያላናገረውን ሰው ማናገር አይችልም። ይህ ሰዎችን ከማስታወቂያ ጎርፍ ለመጠበቅ የተደረገ ነው፤ ትክክልም ነው። ውጤቱ ግን ቦቱ ያገደውን ሰው ለምን እንዳገደው ሊነግረው አለመቻሉ ነው። በቡድኑ ውስጥ «እገሌ ታግዷል» ብሎ ይጽፋል፤ እገሌ ግን ውጭ ነው፣ አያነበውም። የሚያውቀው ቡድኑ ከስልኩ እንደ ጠፋ ብቻ ነው። በአይ አር ሲ ዘመን እንኳ የታገደ ሰው ለመግባት ሲሞክር ሰርቨሩ 474 በሚል ቁጥር «ታግደሃል» ብሎ ይመልስለት ነበር።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ያሉ ቡድኖች በአማርኛና በኦሮምኛ የተደባለቁ ናቸው፤ አንዳንዱ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱንም ይጽፋል። ለውጭ ቋንቋ የተጻፉ የማጣሪያ ስክሪፕቶች እዚህ ሲመጡ ስሕተታቸው ይበዛል። ለምሳሌ ተሳዳቢዎች ቃሉን ለማሳለፍ ፊደል እየደጋገሙ ስለሚጽፉ፣ ማጣሪያው የተደጋገመውን ፊደል ወደ አንድ መቀነስ ልማዱ ነው። በእንግሊዝኛ ይህ ብዙም አይጎዳም። በኦሮምኛ ቁቤ ግን የአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለያል፤ መሬት የሚለውን ቃል ለስላሳ ወይም ደካማ ከሚለው ቃል የሚለየው ይኸው የአናባቢ መደጋገም ነው። ማጣሪያው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል ስለሚጻፍ አንዱን ቃል ብዙ አድርጎ ያየዋል፤ በቃሉ ፊትና ኋላ የሚቀጠሉት ምዕላዶችም ይጨመሩበት። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው የጻፈው ማጣሪያ በአንዱ ቋንቋ ንጹሑን ይቀጣል፣ በሌላው አጥፊውን ይለቃል፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ይህ ሲደጋገም ተናጋሪዎቹ ነገሩን የመሣሪያ ስሕተት ነው ብለው አይተዉትም።

የመስመር መቆረጥም አለ። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። የአይ አር ሲ ሰው ቢሆን ይህን ታላቅ የመረብ ስንጥቅ ይለው ነበር። ከውጭ ያለው አባል በቡድኑ ውስጥ ይነጋገራል፤ በአዳማ ያለው ዝም ይላል። ለ14 ቀን ያልታየን አባል እንዲያስወጣ የታዘዘ ስክሪፕት በእንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ቢኖር፣ ዝም ያለውን ከተዘጋበት ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አባልን በዝምታው የሚያስወጣ ትእዛዝ ለእኛ አገር ቡድን መጻፍ የለበትም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

መዝገቡ ራሱ በሌላ እጅ ቢወድቅስ? ለዚህ የቅርብ ምሳሌ ፍሪኖድ የተባለው የአይ አር ሲ መረብ ነው፤ የነጻ ሶፍትዌር ሠራተኞች ለረጅም ዘመን ይሰባሰቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 በባለቤትነት ክርክር ምክንያት የመረቡ በጎ ፈቃደኛ ሠራተኞች በጅምላ ለቀው ሊቤራ ቻት የተባለ ሌላ መረብ አቋቋሙ። በዚያው ወር በ26ኛው ቀን የፍሪኖድ አዲስ አስተዳደር በርዕሳቸው ላይ የአዲሱን መረብ ስም የጠቀሱ 700 ያህል ቻናሎችን በራሱ በሚሠራ ትእዛዝ ነጠቀ። ትእዛዙ የሚያነበው ርዕሱን ብቻ ነበር፤ ማን እንደ ተዛወረ፣ ማን ሁለቱንም መረብ እየተጠቀመ እንዳለ አይጠይቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ ለመሄድ ያመነቱ ቡድኖች ከዚያ በኋላ ተከታትለው ሄዱ። ሰላም ያመጣው የማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ ቁልፉ በአንድ እጅ ሲገባ፣ በአንድ ቀን ማድረግ የቻለው ይህን ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼ በመጨረሻ አንድ የአሠራር ጉዳይ ላንሣ፤ በየቡድኑ የሚጻፉትን ስክሪፕቶች በማይበት ጊዜ ደጋግሜ የማገኘው ነውና። በቴሌግራም እገዳ ሲጣል የሚያበቃበት ጊዜ አብሮ ይጻፋል። ጊዜው የሚጻፈው በደቂቃ ብዛት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ በተቆጠረ የሰከንድ ብዛት ነው። ደንቡም ይላል፦ ማብቂያው ከአሁኑ ሰዓት ከ30 ሰከንድ ያነሰ ወይም ከ366 ቀን የበለጠ ከሆነ እገዳው ለዘለዓለም ነው። እንግዲህ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ተሳዳቢን ለአሥር ደቂቃ ለማገድ አስቦ በጊዜው ቦታ 600 ብሎ ቢጽፍ፣ መሣሪያው 600 የሚለውን ከ1970 መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያለፈው ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ያ ሰዓት ካለፈ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እገዳውም የዘለዓለም ይሆናል። የስሕተት መልእክት አይመጣም። ቦቱ በቡድኑ ውስጥ «ለአሥር ደቂቃ ታግዷል» ብሎ ይጽፋል፤ አባላቱም ያነባሉ፤ አሥር ደቂቃውም ያልፋል። የታገደው ሰው ግን አልተመለሰም፣ ለምን እንዳልተመለሰም የሚነግረው የለም። እንዲህ ያሉት ስሞች በቡድኑ ቅንብር ውስጥ፣ የተወገዱ አባላት በሚለው ዝርዝር ሥር ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ዝርዝሩን ለመክፈትና ስሞቹን አንድ በአንድ ለማንሣት ለአስተዳዳሪው ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም።